ዘጠኝ ሺልንግ፦ ድሃ ጋዜጣ ቢገዛ ቅንጦት ነው?

በ1901 እንግሊዝ አገር «ድህነት» የሚል መጽሐፍ ታተመ። ጸሐፊው ድሃ አልነበረም። ቤንጃሚን ሲቦም ራውንትሪ ይባላል፤ በሰሜን እንግሊዝ ዮርክ ከተማ ትልቅ የካካዎና የቸኮላት ፋብሪካ ካለው ቤተሰብ የተወለደ ነው። መጽሐፉ ከመውጣቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የከተማዋን ሠራተኞች ቤት ለቤት አስጠንቶ ነበር። 11,560 ቤተሰብ፣ 46,754 ሰው ተመዘገበ። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እዚህ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ራውንትሪ የጠየቀው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ባል፣ ሚስትና ሦስት ልጆች በሕይወት ለመቆየትና የሥራ ጉልበት ላለማጣት በሳምንት ስንት ገንዘብ ይበቃቸዋል? መልሱ 21 ሺልንግ ከ8 ፔንስ ሆነ። ለምግብ 12 ሺልንግ ከ9፣ ለቤት ኪራይ 4፣ ለልብስ፣ ለማገዶ፣ ለመብራትና ለመሳሰለው 4 ሺልንግ ከ11 ፔንስ። በጊዜው በዮርክ ሙያ የሌለው የቀን ሠራተኛ በሳምንት የሚያገኘው ከ18 እስከ 21 ሺልንግ ነበር።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ ምን እንደሌለ ራውንትሪ ራሱ አንድ በአንድ ዘርዝሯል። ምግቡ ትኩስ ሥጋ የለበትም፤ ጧሪ የሌላቸው ሰዎች በሚሰበሰቡበት የድሆች ማደሪያ ቤት ከሚቀርበው እንኳ ያነሰ ነው። ቤተሰቡ ባቡርም ሆነ አውቶቡስ አይሳፈርም። ጋዜጣ አይገዛም። የሙዚቃ ዝግጅት አያይም። ርቆ ለሚኖር ልጁ ደብዳቤ አይልክም፤ የቴምብር ገንዘብ የለማ። ለቤተ ክርስቲያን አይሰጥም፣ የተቸገረ ጎረቤት አይረዳም። አይቆጥብም፣ ለሕመም ጊዜ የሚሆን መረዳጃ ማኅበር አይገባም፣ ለሠራተኛ ማኅበር መዋጮ አይከፍልም። ልጆቹ አሻንጉሊትና ከረሜላ አያውቁም። አባት አያጨስም፣ ቢራ አይቀምስም። እናት ለራሷም ለልጆቿም ያማረ ልብስ አትገዛም። ከቤተሰቡ አንዱ ቢሞት በአጥቢያው ወጪ ይቀበራል። ከዚህ ሁሉ በላይ አባት ከሥራው አንዲት ቀን መቅረት የለበትም።

ይህን ያነበበ ሰው ጸሐፊው ጨካኝ ነበር ሊል ይችላል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው።

በዚያ ዘመን ስለ ድህነት በሀብታሞች ዘንድ የተለመደው ንግግር «ደመወዛቸው ይበቃቸው ነበር፣ ጠጥተው ጨረሱት» የሚል ነበር። ራውንትሪ ይህን አፍ ለማዘጋት ነው ወለሉን እዚያ ድረስ ያወረደው። ማንም «ቢራውን ቢተው ይበቃው ነበር» ሊል እንዳይችል ቢራውን አስቀድሞ ከሒሳቡ አወጣ፤ ከቢራው ጋር ጋዜጣውም፣ ቴምብሩም፣ ከረሜላውም ወጣ። ይህም ሆኖ ከከተማዋ ሕዝብ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋው ገቢው ከዚህ ወለል በታች ሆኖ ተገኘ። ሌላ ወደ 18 በመቶ የሚሆነው ደግሞ ገቢው ወለሉን ቢነካም ጥቂቱ ለሌላ ነገር በመዋሉ በችግር ይኖር ነበር። በድምሩ ከአራት ሰው ከአንድ በላይ ማለት ነው።

ለሌላ ነገር የሚውለው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣም መጽሐፉ ያሳያል። ገቢው ወለሉ ላይ ለሆነ ቤተሰብ መንገዱ አንድ ነው፤ ከምግብ ላይ መቀነስ። አንዲት እናት ለጥናቱ ሰዎች የሰጠችው ቃል ይህን በደንብ ይገልጻል። ለአንዱ ልጅ ጫማ መግዛት ሲያስፈልግ እሷና ልጆቹ ምሳቸውን ይተዋሉ፣ ወይ በዳቦና በሻይ ያልፉታል። ባሏ ግን ምሳውን ይዞ ወደ ሥራ ይሄዳል፤ እሱ ካልበላ አይሠራምና። ምሳ መተዋቸውንም አትነግረውም። እንግዲህ ጫማው «ተጨማሪ ወጪ» ከተባለ የተከፈለው በእናትና በልጆች ሆድ ነው።

ራውንትሪ ቀላል ኑሮን የሚንቅ ሰው አልነበረም። ቤተሰቡ የኩዌከር እምነት ተከታይ ነው፤ ኩዌከሮች ጌጥና ትዕቢትን የሚሸሹ፣ በቁጥብነታቸው የታወቁ ምዕመናን ናቸው። አባቱ ጆሴፍ ራውንትሪ በ1899 በመጠጥ ጉዳይ ላይ ከባልደረባው ጋር መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ነው። ያም ሆኖ ራውንትሪ አንድ ልዩነት አይቷል። እሱ ቢራ የማይጠጣው መርጦ ነው። የዮርክ የቀን ሠራተኛ ግን ያልመረጠውን ኑሮ ነው እንዲኖር የሚጠበቅበት። መናኝ ዓለምን ትቶ ይሄዳል፤ ድሃን ግን ዓለም ናት የምትተወው። ሁለቱን «በጥቂቱ የሚኖሩ» ብሎ በአንድ ስም መጥራት ስህተት ነው።

ክርክሩ ብዙ ሳይቆይ ባሕር ተሻግሮ ፍርድ ቤት ገባ።

አውስትራሊያ በ1906 አንድ ሕግ አወጣች፤ ለሠራተኞቹ «ፍትሐዊና ተገቢ» ደመወዝ የሚከፍል የእርሻ መሣሪያ አምራች ከኤክሳይዝ ቀረጥ ነፃ ይሆናል። በሜልቦርን አቅራቢያ የሰንሻይን ሃርቬስተር ፋብሪካ ባለቤት የነበረው ኤች. ቪ. መኬይ ነፃ ልሁን ሲል አመለከተ። በ1907 ጉዳዩን ያየው ዳኛ ሄንሪ ቦርንስ ሂጊንስ ነበር። ሕጉ «ፍትሐዊና ተገቢ» አለ እንጂ ምን ማለት እንደሆነ አልተናገረም። ሂጊንስ መመዘኛ ፍለጋ የሠራተኛ ሚስቶችን ምስክርነት ሰማ። ለኪራይ፣ ለአስቤዛና ለማገዶ ብቻ በአማካይ በሳምንት 32 ሺልንግ ከ5 ፔንስ ይወጣል። መኬይ ሙያ ለሌለው ሠራተኛ በቀን 6 ሺልንግ ይከፍል ነበር፤ በሳምንት 36 መሆኑ ነው። የተረፈችው ሦስት ሺልንግ ተኩል ያህል ናት።

ሂጊንስ ከዚህ ሒሳብ ውጭ የቀረውን ቆጠረ። ልብስ፣ ጫማ፣ የቤት ዕቃ፣ መብራት፣ ቁጠባ፣ የሠራተኛ ማኅበር መዋጮ፣ መጽሐፍና ጋዜጣ፣ የትራም ዋጋ፣ የልጆች የትምህርት ቁሳቁስ፣ መዝናኛ፣ ትምባሆ፣ ሕመምና ሞት፣ ሃይማኖት፣ ምጽዋት። ለእያንዳንዱ ዋጋ አልተመነም። ሠራተኛው በሠለጠነ ማኅበረሰብ ውስጥ የሚኖር ሰው ነው በሚል መነሻ በቀን 7 ሺልንግ ይገባዋል ብሎ ፈረደ፤ በሳምንት 42። ዳኛው የተጠቀመበት ሐሳብ ድሎትም ችጋርም ያልሆነ፣ ቁጥብ ግን የተመቸ ኑሮ ነው። መኬይ በ1908 ሕጉን በከፍተኛው ፍርድ ቤት አሳገደ። መለኪያው ግን አልጠፋም፤ ለብዙ ዓመታት የአውስትራሊያ የመነሻ ደመወዝ መሠረት ሆኖ አገለገለ። ጉድለትም ነበረበት። የታሰበው ቤተሰብ የሚያስተዳድር ወንድ ብቻ ስለነበር በኋላ ለሴት ሠራተኞች የተተመነው መነሻ ከወንዶቹ ግማሽ እምብዛም የማይበልጥ ሆነ።

ከሂጊንስ ፍርድ የሚወሰድ አንድ ትልቅ ነገር አለ። ዳኛው ለሠራተኛው ቢራም ጋዜጣም አላዘዘለትም። ከዳቦና ከኪራይ በኋላ እሱና ሚስቱ የሚወስኑበት ጥቂት ገንዘብ እንዲተርፍ ነው ያደረገው። ያቺን ገንዘብ አንዱ ቤተሰብ ለመጽሐፍ፣ ሌላው ለቤተ ክርስቲያን፣ ሦስተኛው ለልጅ ልደት ያውላታል።

እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ የራውንትሪ ወለል ባለቤቱ ያላሰበውን ሥራ ይሠራ ጀመር። እሱ «ከዚህ በታች ሰው መኖር አይችልም» ለማለት ያሰመረውን መስመር ሌሎች «እንግዲያው ይህ ይበቃል» እያሉ ይጠቅሱት ገቡ። ስለዚህ ራውንትሪ ወደ ሥራው ተመለሰ። በ1918 «የሠራተኛ ሰብዓዊ ፍላጎቶች» የሚል መጽሐፍ አወጣ፣ በ1937 አሻሽሎ አሳተመው። በ1936 ዮርክን እንደገና አስጠና። አሁን ስልሳ አምስት ዓመት ሆኖታል።

በአዲሱ ስሌት አምስት ነፍስ ያለበት ቤተሰብ ኪራይን ጨምሮ በሳምንት 53 ሺልንግ ያስፈልገዋል። ከዚህ ውስጥ 9 ሺልንግ ከምግብ፣ ከልብስና ከማገዶ ውጭ ላለው ነው። ዝርዝሩ ይህን ይመስላል፦ ለመንግሥት መድን 1 ሺልንግ ከ7 ፔንስ፣ ለሕመምና ለቀብር መረዳጃ 1 ሺልንግ፣ ለሠራተኛ ማኅበር 6 ፔንስ፣ ለሥራ መጓጓዣ 1 ሺልንግ፣ ለቴምብርና ለወረቀት 6 ፔንስ፣ ለዕለታዊ ጋዜጣ 7 ፔንስ፣ ለሬዲዮ 6 ፔንስ። የቀረው 3 ሺልንግ ከ4 ፔንስ ለቢራ፣ ለትምባሆ፣ ለስጦታ፣ ለዕረፍት፣ ለመጽሐፍ፣ ለሌላም ለሌላም። ከመጠጥ የራቀው ባለ ፋብሪካ ከሠላሳ ሰባት ዓመት በኋላ ቢራውን መልሶ ጻፈለት።

የተገኘው ቁጥር ሁለት ዓይነት ነው። በ1899ኙ ወለል ሲለካ ድህነት ከሠራተኛው ሕዝብ ከ15 በመቶ በላይ የነበረው ወደ 7 በመቶ ወርዷል። በአዲሱ ሲለካ ግን 31 በመቶው ድሃ ነው። ከተማዋ ያው ናት፣ ሰዎቹም ያው። የተለየው «ሰው» ለሚለው ቃል የተሰጠው ግምት ነው።

በዚያው በ1936 ጆርጅ ኦርዌል በሰሜን እንግሊዝ የሥራ አጦችን ሠፈር እየዞረ ነበር፤ በዓመቱ ባሳተመው መጽሐፍም በዚህ ጉዳይ ላይ ጽፏል። ባለሙያዎች ድሃው ርካሽና ገንቢ ምግብ ቢበላ ገንዘቡ ይበቃዋል ይሉ ነበር። ኦርዌል ያስተዋለው ግን ሥራ አጥቶ የተሰላቸ ሰው ደረቅ ገንቢ ምግብ እንደማያሰኘው፣ ትንሽ የሚጣፍጥ ነገር እንደሚፈልግ ነው። የራውንትሪ ፋብሪካ በ1935 ለገበያ ያቀረበውና በኋላ ኪትካት የተባለው ቸኮላት ዋጋው 2 ፔንስ ነበር። የመጀመሪያው ወለል ለልጆች ከረሜላ የከለከለ፣ ፋብሪካው ደግሞ ከረሜላ ሽያጭ የሚኖር መሆኑ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። አንዱ የሚቆጥበው ሳንቲም የሌላው ደመወዝ ነውና።

በ1942 ዊልያም ቤቨሪጅ የብሪታንያን የማኅበራዊ ዋስትና ዕቅድ ሲነድፍ ራውንትሪ ከአማካሪዎቹ አንዱ ነበር። ቤቨሪጅ የተመነው ክፍያ ግን ከራውንትሪ አዲሱ ስሌት ያነሰ ሆነ። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው ያው ዘጠኙ ሺልንግ ነው።

ይህ የውጭ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ የምትጠቀምበት የድህነት ወለልም ከራውንትሪ የስሌት ዘር የመጣ ነው። መነሻው በ1988 ዓ.ም. የተሠራው ስሌት ነው፤ አንድ አዋቂ በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ የሚያገኝበት ምግብ ይተመናል፣ ከዚያ ለሌላው ወጪ ድርሻ ይጨመራል። ያኔ ወለሉ ለአንድ አዋቂ በዓመት 1,075 ብር ነበር። በ2008 ዓ.ም. 7,184 ብር ደረሰ፤ በወር 600 ብር ገደማ ነው። በዚህ መለኪያ ከሕዝቡ 23.5 በመቶው ድሃ ተባለ። ከምግብ ውጭ ያለው ድርሻ የሚወጣው ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ከወጪያቸው ስንቱን ለምግብ እንደሚያውሉ ታይቶ ነው። ይህ ማለት መለኪያው የሚነሣው ጨክኖ ከቀነሰው ሰው ነው። ለልጁ ደብተር ሲል ምሳውን የተወ ሰው ወጪው ሲመዘገብ የተወው ምሳ አይታይም።

የዮርኩን የክልከላ ዝርዝር ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ሐዋሳ ማምጣት ቀላል ነው። የዕድር መዋጮ አይከፍልም። እቁብ አይገባም። ዘመድ ሲሞት ለቅሶ ለመድረስ ትራንስፖርት የለውም። ጎረቤት ጠርቶ ቡና አያፈላም። ለእናቱ ወደ ገጠር አይደውልም፤ ካርድ ይፈልጋል። በዓል ሲመጣ በሩን ይዘጋል። እነዚህን በአንድ ቃል «ተጨማሪ» ማለት ይቻላል፤ ግን ዕድር የሌለው ሰው በሠፈሩ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም።

እዚህ ላይ የሚነሣ መልስ አለ፤ አባቶቻችን በባዶ እግራቸው ሄደው ኖረዋል፣ የዛሬ ሰው ፍላጎቱ በዛ። ይህን አዳም ስሚዝ በ1776 መልሶታል። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን የተልባ እግር ሸሚዝ ሳይኖራቸው ተመችቷቸው ኖረዋል፤ በስሚዝ ዘመን ግን የቀን ሠራተኛ ያለዚያ ሸሚዝ ሰው ፊት ለመቅረብ ያፍር ነበር። ስለዚህ ሸሚዙ አስፈላጊ ነገር ሆኗል። ሁሉም በባዶ እግሩ በሚሄድበት አገር ጫማ የሌለው ሰው አንገቱን አይደፋም። ሁሉም በተጫማበት ግን ልጁ ትምህርት ቤት ለመሄድ ያፍራል።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚመለከት የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይፈቅዳል። አዋጁ ከወጣ በኋላም ጉዳዩ ከሠራተኛ ማኅበራት ጥያቄዎች አልወረደም። ቀጣሪዎች የሚያነሡት ሥጋትም ቀላል አይደለም፤ ወለሉ ከፍ ካለ ፋብሪካው ሰው ይቀንሳል ወይም ወደ ሌላ አገር ይሄዳል ይላሉ። በዚህ ላይ መደራደር ይቻላል። ስለ መጠኑ ከመደራደር በፊት ግን ወለሉ ላይ የሚቆመው ማን እንደሆነ መወሰን አለበት። ጉልበት ብቻ ከሆነ እንጀራ፣ ሽሮና ኪራይ ይበቁታል፣ ሒሳቡም በአንድ ከሰዓት ያልቃል። ሰው ከሆነ ግን ከኪራይ ቀጥሎ ዕድር የሚል መስመር ይጻፍ፤ ከእሱ ሥር ደግሞ ማንም ምን ገዛህበት የማይለው ጥቂት ብር ይተውለት።