የባየር ሌቨርኩሰን የ2023–24 የውድድር ዘመን

በ1904 እ.ኤ.አ. በባየር ፋብሪካ ሠራተኞች የተመሠረተው የጀርመን እግር ኳስ ክለብ ባየር ሌቨርኩሰን፣ በ2002 የቡንደስሊጋውን፣ የጀርመንን ዋንጫና የአውሮፓን ሻምፒዮንስ ሊግ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አከታትሎ በማጣቱ የሁለተኛነት ዕጣ ተጽፎበታል ሲባል ከኖረ በኋላ፣ በ2023–24 የውድድር ዘመን የመጀመሪያውን የሊግ ዘውድ ደፋ። ስፔናዊው አሠልጣኝ ዣቢ አሎንሶ በኦክቶበር 2022 ሲረከበው ከሰንጠረዡ ግርጌ ሁለተኛ የነበረው ይኸው ቡድን፣ ከ34 ግጥሚያ 28ቱን አሸንፎ፣ 6ቱን በእኩል ውጤት ፈጽሞ፣ አንድም ጊዜ ሳይረታ 90 ነጥብ መሰብሰቡ፣ በሊጉ ታሪክ ከዚያ አስቀድሞ ማንም ያልደረሰበት ማዕርግ ነው። ኤፕሪል 14 ቀን 2024 ቬርደር ብሬመንን 5 ለ 0 ድል ሲያደርግ፣ ፍሎሪያን ቪርትስ ሦስተኛ ግቡን ባስቈጠረበት ቅጽበት ሕዝቡ በሐሴት ሜዳውን አጥለቀለቀው።

ከሁሉ ይልቅ የሚደነቀው ግን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ተስፋ አለመቍረጡ ነው፤ በአውሮፓ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ሮማ ሊያሸንፈው ሲቃረብ ዮሲፕ ስታኒሺች በ97ኛው ደቂቃ ያገባት ግብ፣ ያለ ሽንፈት የተጓዘበትን ግጥሚያ 49 አድርሳ የቤንፊካን የቀድሞ ክብረ ወሰን ሽራለች። በደብሊን ፍጻሜ አታላንታ በአዴሞላ ሉክማን ሦስት ግቦች 3 ለ 0 ቢረታውም፣ በሦስተኛው ቀን በርሊን ላይ፣ ከመጀመሪያው አጋማሽ ማብቂያ ጀምሮ በ10 ተጫዋች እየተዋጋ፣ ግራኒት ዣካ ከሩቅ በመታት ኳስ ካይዘርስላውተርንን 1 ለ 0 አሸንፎ ከ1993 ወዲህ ያልነካውን የጀርመን ዋንጫ ወሰደ።