የምድር ሽቦ ማያያዣ በመኖሪያ ቤት፤ አመጣጡና አመራረጡ

ወደ አንድ መኖሪያ ቤት ከሚዘረጉት የኤሌክትሪክ ሽቦዎች መካከል ሁለቱ በየዕለቱ ሥራ ላይ ናቸው፤ ሦስተኛው ግን ምናልባት አሥርና ሃያ ዓመት ያለ ሥራ ይቀመጣል። ከሁለቱ አንዱ ቢላቀቅ አምፑሉ ይጠፋል፤ ምጣዱም ይቀዘቅዛል፤ ባለቤቱም ወዲያውኑ ሠራተኛ ይጠራል። ሦስተኛው ሲላቀቅ ግን አምፑሉ እንደበራ፣ ምጣዱም እንደጋለ ይቆያል። ይህ ሦስተኛው የምድር ሽቦ፣ በሠራተኛው አነጋገር ኧርዝ ወይም ግራውንድ የሚባለው ነው። ጉድለቱ የሚታወቀው አደጋ በሚደርስበት ዕለት ብቻ ስለሆነ፣ ከሌሎቹ ሽቦዎች ሁሉ ይልቅ የማያያዣው ጥራት ሊታሰብበት የሚገባው የእርሱ ነው። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ የመኖሪያ ቤት ተከላ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ያነሰ ትኩረት ያገኘው ይኸው ሽቦ ነው።

ምክንያቱ ከአመጣጡ ጋር የተያያዘ ነው። ኤሌክትሪክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በመጀመሪያ ለብርሃን ሲባል ነበር። በ1890 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የተተከለው ጄኔሬተር ግቢውን ያበራ ነበር። በ1924 ዓ.ም. በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል የውኃ ኃይል ጣቢያ አዲስ አበባን አገለገለ። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1940 ዓ.ም. የሸዋ መብራት ኃይል፣ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ መብራት ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። ስሙ ራሱ እንደሚመሰክረው ሕዝቡ ኤሌክትሪክን ያወቀው በመብራትነቱ ነው፤ ዛሬም ቢሆን ኃይል ሲቋረጥ በቀትር ፀሐይ እንኳ ‹‹መብራት ሄደ›› ይባላል። ለጣና ዙሪያ አገር ትልቁ እርምጃ በ1956 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጢስ ዓባይ ጣቢያ ሲሆን፣ 11.4 ሜጋ ዋት የነበረው ይህ ጣቢያ በቅድሚያ የታሰበው ለባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር። ከዋናው መስመር የራቁ ከተሞች ለብዙ ዓመታት በናፍጣ ሞተር ሲገለገሉ ቆይተዋል። በ1998 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም ደግሞ መስመሩን ወደ በርካታ የገጠር ከተሞች አደረሰው።

ለብርሃን የመጣ ኤሌክትሪክ የሚጠይቀው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው። ከጣሪያ የተንጠለጠለ አምፑል ሰው በእጁ የሚነካው ብረት የለውም። በጭቃና በእንጨት ለተሠራ ባለ አንድና ሁለት አምፑል ቤት ሦስተኛ ሽቦ መዘርጋት እንደ ብክነት ቢቆጠር የሚያስገርም አልነበረም። በሌላውም ዓለም ቢሆን የሆነው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 በለንደን የወጣው የመጀመሪያው የተከላ ደንብ ርእሱ ስለ እሳት አደጋ እንጂ ስለ ሰው መንዘር አልነበረም። በጀርመን አገር የምድር መንኪያ ያለው ሶኬት የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው፤ ይኸውም የብረት አካል ያላቸው ዕቃዎች ወደ ማድቤት መግባት ከጀመሩ በኋላ መሆኑ ነው።

በኢትዮጵያም ነገሩን የለወጠው ማድቤቱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይፈጃል፤ 3.5 ኪሎ ዋት የሆነው በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። የሚግለው ሽቦ በሸክላው ሥር በተበጀ ቦይ ውስጥ ይዘረጋል፤ ዙሪያው በቆርቆሮ ይታቀፋል። ሸክላው ሲሰነጠቅ ወይም ሊጥ ወደ ውስጥ ሲንጠባጠብ ሽቦው ከቆርቆሮው ጋር ሊነካካ ይችላል። ጋጋሪዋ ደግሞ እጇ በሊጥ የራሰ፣ እግሯም ብዙ ጊዜ በእርጥብ ወለል ላይ የቆመ ነው። የሰው አካል ተቃውሞ 1,000 ኦም ያህል ቢሆን 220 ቮልት በውስጡ 220 ሚሊ አምፔር ያሳልፋል፤ ከ30 ሚሊ አምፔር በላይ የሆነ ፍሰት ከቆየ ግን ለሕይወት አስጊ ነው። እንግዲህ በጋጋሪዋና በሞት መካከል ያለው የምድር ሽቦው፣ እርሱም በየመንገዱ የተያያዘባቸው ጥቂት ብሎኖች ናቸው።

ዕቃን መርምሮ መቀበል ለደቡብ ጎንደር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ከፎገራ ሜዳ ዳር የምትገኘው ይፋግ በ19ኛው ምእተ ዓመት ከታወቁት የሰሜን ገበያዎች አንዷ ነበረች። በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ገበያዎች ጠገራ ብር የሚቀበል ነጋዴ በንግሥቲቱ ዘውድና በደረቷ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ይቆጥር፣ ከሥር ያሉትን ፊደላት ያስተውል ነበር፤ ፊቱ የተፋቀውን ብር አይቀበልም። አሞሌ ጨውም ቢሆን ጠርዙ ከተሸረፈ ዋጋው ይቀንስ ነበር። ገዥው ስለ ማዕድን ጥናት ሳይማር ምን ምልክት ማየት እንዳለበት ያውቅ ነበር ማለት ነው። ለምድር ሽቦ ማያያዣም የሚያስፈልገው እንዲህ ያለው የምልክት ዕውቀት ነው። ምልክቶቹም ከየማያያዣው አፈጣጠር ጋር የተያያዙ ስለሆኑ፣ እነርሱን በየተራ መመልከት ይገባል።

ከሁሉም የሚቀድመው ያለ ማያያዣ ማያያዝ ነው፤ የሁለት ሽቦ ጫፍ በፒንሳ ተጠምዝዞ በናስትሮ ይጠቀለላል። ይህ አሠራር ርካሽ በመሆኑ እስከ ዛሬ አልጠፋም። ነገር ግን ጥምዝምዙን አጥብቆ የሚይዝ ኃይል የለም፤ ናስትሮውም ሙቀትና ዓመታት ሙጫውን ሲያደርቁት ይላቀቃል። በጭድና በጭቃ በተለሰነ ግድግዳ ውስጥ ይህ ለእሳትም በር ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በ1914 ዊልያም ማር የተባለ የካናዳ ሰው የተጠማዘዘውን ጫፍ የሚጨብጥ ቆብ መሰል ማያያዣ ፈለሰፈ፤ ይህም በሰሜን አሜሪካ ቤቶች ተስፋፋ። በአውሮፓ ግን የጸናው በሸክላ ወይም በፕላስቲክ ውስጥ የነሐስ ቱቦና ብሎን ያለው ማያያዣ ነው፤ በኢትዮጵያ ሠራተኞች ዘንድ ከጣሊያንኛው በተወረሰ ስም ሞርሴቶ ይባላል።

የሞርሴቶ ጉልበቱ በብሎኑ ነው፤ ድክመቱም እዚያው ነው። የብሎኑ ጫፍ በቀጥታ ሽቦውን ሲጫን ነጠላውን ጠንካራ ሽቦ ያጎብጠዋል፤ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራውን ለስላሳ ሽቦ ደግሞ ክሮቹን ይቆራርጣል። ስለሆነም በብሎኑና በሽቦው መካከል መጫኛ ሳህን ያለው ሞርሴቶ ይመረጣል፤ ለስላሳ ሽቦም አስቀድሞ የመዳብ ቆብ ይደረግለታል። አንዳንድ ሠራተኞች ጫፉን በስታኞ ነክረው በብሎን ያስሩታል፤ ይህ ስሕተት ነው። ስታኞ በግፊት ሥር ቀስ በቀስ የሚሸሽ ለስላሳ ብረት ስለሆነ ዛሬ የጠበቀው ብሎን ከጥቂት ዓመት በኋላ ልል ሆኖ ይገኛል።

የብሎንን መላላት ለማስቀረት የታሰበው መፍትሔ ስፕሪንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 በጀርመን አገር በሚንደን ከተማ የተቋቋመው ዋጎ የተባለ ድርጅት በስፕሪንግ የሚጨብጥ ማያያዣ ይዞ ተነሣ። ስፕሪንጉ ሽቦው በሙቀት ሲሰፋና ሲጠብ አብሮት ስለሚንቀሳቀስ ግፊቱ አይቀንስም። ለዚህ ጥቅም የሚበቃው ግን እውነተኛው ስፕሪንግ እንጂ አምሳያው አይደለም። የማይረባ ብረት በጋለ ጊዜ ጉልበቱን ያጣል፤ ከውጭ ግን ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። ስለዚህ በማያያዣው አካል ላይ የሠሪው ስም፣ የቮልቴጅ መጠን፣ በስኩዌር ሚሊ ሜትር የተጻፈ የሽቦ ውፍረት፣ እንዲሁም የዓለም አቀፉ ኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደረጃ ቁጥር 60998 ታትሞ እንደሆነ ማየት ይገባል። ምንም ያልተጻፈበት ማያያዣ ፊቱ እንደተፋቀ ጠገራ ብር ነው። ጽሕፈት ሊኮረጅ እንደሚችል ባይካድም፣ ጽሕፈት የሌለው ግን ማንም ኃላፊነት ያልወሰደበት መሆኑ የታወቀ ነው።

ከዚህ ጋር የብረቱ ዓይነት ይታያል። በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1973 ገደማ የመዳብ ዋጋ በመናሩ ብዙ ቤቶች በአሉሚኒየም ሽቦ ተሠሩ። አሉሚኒየም ፊቱን ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ስስ ቅርፊት ይሸፍናል፤ በግፊት ሥር ይሸሻል፤ ሙቀት ሲጨምርም ከመዳብ የበለጠ ይሰፋል። በዚህ ምክንያት የአገሩ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ያስጠናው ጥናት፣ ከ1972 በፊት በአሉሚኒየም የተሠሩ ቤቶች የሶኬት ማያያዣዎቻቸው ለእሳት በሚያሰጋ ሁኔታ ላይ የመድረሳቸው ዕድል በመዳብ ከተሠሩት 55 ጊዜ እንደሚበልጥ አመለከተ። በኢትዮጵያም ከምሰሶ ወደ ቤት የሚመጣው ገመድ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም፣ የቤት ውስጡ ደግሞ መዳብ ነው። ሁለቱ በእርጥበት ውስጥ በቀጥታ ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ስለዚህ ለሁለቱም ብረቶች ተብሎ የተሠራ ማያያዣ ካልሆነ በስተቀር በአንድ ብሎን ሥር ሊጣመሩ አይገባም።

እዚህ ላይ በሥራ ላይ ባሉት ሽቦዎችና በምድር ሽቦው መካከል ያለው ልዩነት ጎልቶ ይታያል። ፍሰት ያለበት ልል ማያያዣ ይግላል፣ ይሸታል፣ አምፑሉን ያርገበግባል። የምድር ሽቦው ማያያዣ ግን ፍሰት ስለሌለበት አይግልም፣ አይሸትም። ምድር መንኪያ የሌለው ሶኬት ምድር ያለውን መሰኪያ ሲቀበልም እንዲሁ ነው፤ ምጣዱ ይግላል፣ ጥበቃው ግን የለም። በመሆኑም የምድር ሽቦ በማብሪያ ወይም በፊውዝ በኩል ማለፍ የለበትም፤ ቀለሙ አረንጓዴና ቢጫ፣ ውፍረቱም ለመኖሪያ ቤት መስመሮች ከፌዙ ሽቦ ጋር እኩል ይሁን። ከአንዱ ሶኬት ወደ ሌላው ሲተላለፍም አንዱ ሶኬት ሲነቀል የተቀሩት ጥበቃቸውን እንዳያጡ፣ በሶኬቱ ብሎን ሳይሆን በራሱ ማያያዣ መቀጠል ይኖርበታል።

የመጨረሻው ማያያዣ ከቤት ውጭ፣ ሽቦው ከምድር ዘንግ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው፤ እዚህ ላይ የአገሩ መሬት ራሱ ይናገራል። የፎገራ ሜዳ ጥቁር ዋልካ በክረምት ውኃ ይዞ ያብጣል፤ እርጥብ በሆነ ጊዜ ኤሌክትሪክን በደንብ ያሳልፋል። በበጋ ግን ይሰነጠቃል፤ ከዘንጉም ይሸሻል። ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ጉና ሲወጣ ደግሞ ድንጋያማው መሬት ዘንግ አያስገባም፤ በዚያ ፈንታ ሽቦውን በቦይ ውስጥ አግድም መቅበር ይሻላል። በአንዳንድ ቦታ ዘንጉን በጨውና በከሰል የመክበብ ልማድ አለ። ጨው ተቃውሞውን ለጊዜው ቢቀንስም ክረምት ያጥበዋል፤ እስኪታጠብም ድረስ ዘንጉንና ማያያዣውን ይበላል። ስለዚህ የዘንጉ ማያያዣ የነሐስ ሆኖ፣ ለመዳብ ሽቦና ለዘንጉ ብረት የተስማማ፣ ክዳን ባለው ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ለዓይንና ለመፍቻ የተመቸ ሊሆን ይገባዋል። የውኃ ቧንቧን እንደ ምድር መጠቀምም ቧንቧው በፕላስቲክ በተተካ ጊዜ ማንም ሳያስተውለው የሚጠፋ ጥበቃ ነው።

ዘንጉና ማያያዣው ቢያምሩም ብቻቸውን አይበቁም። የዘንጉ ተቃውሞ 20 ኦም ቢሆንና ቤቱ በእርሱ ብቻ ቢመካ፣ ፌዙ የምጣዱን ቆርቆሮ በነካ ጊዜ ወደ ምድር የሚፈሰው 11 አምፔር ብቻ ነው። 16 አምፔር የሚሸከመው ብሬከር ይህን አይቆርጥም፤ ቆርቆሮውም የመስመሩን ቮልቴጅ እንደያዘ ይቆያል። ስለዚህ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጠው፣ አር ሲ ዲ የሚባለው መከላከያ አብሮ ሊኖር ይገባል። እርሱም ቢሆን ምድር ከሌለ የሚቆርጠው ሰው ቆርቆሮውን ከነካ በኋላ ነው፤ ምድር ካለ ግን ማንም ሳይነካው ይቆርጣል። የጥሩ ማያያዣ ዋጋ የሚታወቀው በዚህ ልዩነት ነው።

ደንቡን በተመለከተ ሥራው ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስታንዳርድ ቁጥር 10 ስለ ሕንፃዎች የኤሌክትሪክ ተከላ የሚደነግግ ነው፤ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም ተከትሎ ወጥቷል። ደንብ ግን በግድግዳ ውስጥ የተደበቀውን ብሎን አያጠብቅም። ይህን የሚያደርገው ሽቦውን የሚዘረጋው ሠራተኛ ነው፤ የሚያስደርገውም መሐንዲሱና ባለቤቱ ናቸው። ቤቱ ሲያልቅ ከየሶኬቱ የምድር መንኪያ እስከ ዘንጉ ድረስ ያለው መስመር ያልተቋረጠ መሆኑ በመለኪያ ይረጋገጥ፤ የዘንጉም ተቃውሞ ዝናብ ከመግባቱ በፊት፣ መሬቱ በደረቀበት በመጋቢትና በሚያዝያ ይለካ። የተገኘው ቁጥርና ቀኑ በብሬከሩ ሣጥን ክዳን ውስጥ ቢጻፍ፣ ከዓመታት በኋላ የሚመጣው ሠራተኛ የሚያነጻጽርበት መነሻ ያገኛል።