አስናቀች ወርቁ፦ የሴት ተዋንያን ፈር ቀዳጅ

በዘመናዊው የኢትዮጵያ ቴአትር ጅማሮ የሴት ገጸ ባሕርያትን ይጫወቱ የነበሩት ወንዶች ናቸው። ይህን ልማድ በመስበር ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው አርቲስት አስናቀች ወርቁ ናቸው።

አዲስ አበባ የተወለዱት አስናቀች በ1940ዎቹ ዓ.ም. ወደ መድረክ ሲወጡ፣ ተዋናይትን ኅብረተሰቡ «አዝማሪ» እያለ ያንጓጥጥ ነበር። እርሳቸው ግን ወደ ኋላ አላሉም። በ1948 ዓ.ም. በተከፈተውና የአምቦ አካባቢ ተወላጁ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በኋላ በመሩት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ለረጅም ዓመታት ተውነዋል።

ክራር እየደረደሩ በሚያዜሙት ቅኔ አዘል ግጥምም ይታወቃሉ፤ ዜማዎቻቸው ፈረንሳይ ውስጥ በሚታተመው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ አልበም 16ኛ ቅጽ ለዓለም አድማጭ ደርሰዋል።

አርቲስት አስናቀች በመስከረም 2004 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ ሴት በመድረክ ላይ መታየቷ ብርቅ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል።