የቆሰለ ቁርጭምጭሚትና የጡረታ ሚዛን

ከአሊዩ አምባ ገበያ ተነሥቶ ወደ አንኮበር የሚወጣ መንገደኛ የዳገቱን ልክ የሚያውቀው በትንፋሹና በቁርጭምጭሚቱ ነው። ይህ ገደላማ አገር ለሸዋ ነገሥታት መቀመጫ፣ በጠላት ወረራ ዘመንም ለአርበኞች መሸሸጊያ ሆኗል። ለጤነኛ እግር ምሽግ የሆነው ዳገት ለቆሰለ እግር ግን የዘወትር ፈተና ነው። በመሆኑም የአንድ ዘማች ቁርጭምጭሚት በደብረ ብርሃን ሜዳና በአንኮበር ቁልቁለት እኩል ጉዳት አለው ማለት አይቻልም። የዘማቹን ጉዳት ለመካስ በየዘመኑ የተሠራበት ሚዛን ይህን ልዩነት ምን ያህል እንደ ተመለከተ መመርመር ተገቢ ነው።

በቀድሞው ሥርዓት የዘመቻ ዋጋ የሚከፈለው በአብዛኛው በመሬትና በሹመት ነበር። የዘማቹ ውለታ የሚታወቀውም በአለቃው ቃልና አብረውት በዋሉ ሰዎች ምስክርነት ነበር። አለቃው የሞተበት ወይም ምስክር ያጣ ቁስለኛ ጠባሳውን ከማሳየት በቀር ሌላ ማስረጃ አልነበረውም።

በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ጣሊያኖች ከአውሮፕላን የረጩት ይፐሪት የተባለው የመርዝ ጋዝ በሣሩና በአፈሩ ላይ እየቀረ በባዶ እግሩ የሚሄደውን ሠራዊት አቃጠለ። በሸዋ ራስ አበበ አረጋይና ሌሎችም አርበኞች ትግሉን በቀጠሉበት ጊዜ፣ በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በመንዝ የዘረት ዋሻ ውስጥ በተጠለሉት አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው ላይ ይኸው መርዝ ተደግሟል። ከነፃነት በኋላ መንግሥት ለአርበኞችና ለስደተኞች መሬት መስጠት ጀመረ። ሆኖም ስጦታው የአገልግሎት ዋጋ እንጂ የቁስል ካሣ አልነበረም። በመንዝና በተጉለት መሬቱ በርስት የተያዘ ስለ ነበር፣ ለስጦታ የዋለው የመንግሥት መሬት በብዛት በደቡብ ክፍላተ ሀገር የሚገኝ ነበር። ሞፈር መያዝ ያልቻለ ጉዳተኛ ከርስቱ ርቆ የሚገኘውን መሬት ለጭሰኛ ከመስጠት በቀር አማራጭ አልነበረውም። የየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ዓይነቱን ይዞታ አስቀረው።

ሁለተኛው ሚዛን ደመወዝ ነው። በ1953 ዓ.ም. በወጣው ድንጋጌ ቁጥር 46፣ ቀጥሎም በአዋጅ ቁጥር 209/1955 ጡረታ በሕግ ተደነገገ። ከዚያ በፊት በችሮታ ይገኝ የነበረው ነገር በመብት የሚጠየቅ ሆነ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነበር። ይሁን እንጂ የስሌቱ መነሻ ደመወዝ በመሆኑ በራሱ ስንቅና በራሱ ጠመንጃ የዘመተው ሰው ለዚህ ሚዛን የሚቀርብ ቁጥር አልነበረውም።

ሦስተኛው ሚዛን መቶኛ ነው። በ1983 ዓ.ም. ግማሽ ሚሊዮን ያህል የቀድሞ ሠራዊት አባላት ሲበተኑ፣ እነርሱንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተቋቋመ። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት ደግሞ ሌሎች ቁስለኞችን ጨመረ። ተከታትለው ከወጡት የጡረታ ሕጎች መካከል አዋጅ ቁጥር 714/2003 ለአብነት ይጠቀሳል። ይህ ሕግ በሥራ ላይ በነበረበት ጊዜ ከ10 በመቶ ያላነሰ ጉዳት ደርሶበት ለዘለቄታው መሥራት የማይችል ሰው የደመወዙን 47 በመቶ ዕድሜ ልኩን በየወሩ ይቀበል ነበር። ጉዳት ቢደርስበትም የመሥራት ችሎታውን ያላጣው ግን አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ያገኝ ነበር። የዳረጎቱም ልክ የደመወዙ 47 በመቶ በ60 ወር ተባዝቶ፣ እንደገና በጉዳቱ መቶኛ ሲባዛ የሚገኘው ነበር።

ይህን በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። ደመወዙ 1,000 ብር የሆነ ዘማች በቁርጭምጭሚቱ 20 በመቶ ጉዳት ተወሰነለት እንበል። «መሥራት አይችልም» ከተባለ በየወሩ 470 ብር ያገኛል። «ይችላል» ከተባለ ግን 5,640 ብር ተቀብሎ ይሰናበታል፤ ይኸውም የአሥራ ሁለት ወር አበል ብቻ ነው። የአንዲት ቃል ልዩነት የአንድ ዓመትና የዕድሜ ልክ ልዩነት ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ የይግባኙ ክርክር ሁሉ የሚያርፈው በሕክምና ቦርዱ ወረቀት ላይ ነው። በጡረታ መሥሪያ ቤቱ ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ያመለክታል። ከዚያ በላይ ያለው ሰበር ችሎት የሚመረምረው የሕግ ስሕተትን እንጂ የአጥንትን ሁኔታ አይደለም። ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን ያልጻፈውን ነገር ከዓመታት በኋላ ጠበቃ በንግግር ብልሃት ሊሞላው አይችልም።

ችግሩን የሚያባብሰው የመገጣጠሚያው ጠባይ ነው። የጉልበትና የዳሌ መገጣጠሚያ ብዙውን ጊዜ በዕድሜ ብዛት ሲያረጅ፣ የቁርጭምጭሚት መበላሸት ግን በአብዛኛው የቀድሞ ስብራት ወይም ወለምታ ውጤት ነው። አጥንቱ ገጥሞ በራጅ ደኅና መስሎ ከታየ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሕመሙ ሊነሣ ይችላል። ዳገት ለመውጣት እግር ወደ ቅልጥም መታጠፍ አለበት፤ ይህ መታጠፍ የጎደለው ሰው በሜዳ ሳያነክስ ሄዶ በዳገት ሊቆም ይችላል። በቦርዱ ክፍል ጠፍጣፋ ወለል ላይ ጥቂት እርምጃ የሄደ ዘማች «ይራመዳል» ተብሎ ቢጻፍለት ጽሑፉ ሐሰት አይሆንም፤ እውነቱ ግን ጎድሏል።

ይህ ጉድለት የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የጦር ጉዳተኞች መመዘኛ የቁርጭምጭሚት እንቅስቃሴ መወሰን መካከለኛ ሲሆን 10፣ ከባድ ሲሆን 20 በመቶ ይሰጠዋል። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. የዚያ አገር የዘማቾች ይግባኝ ፍርድ ቤት ዴሉካ በተባለ ዘማች ጉዳይ በሰጠው ፍርድ፣ መርማሪው ሐኪም የመገጣጠሚያውን የመታጠፍ ልክ ከመለካት አልፎ በሥራ ጊዜ በሕመምና በድካም ምክንያት የሚጎድለውን ችሎታም እንዲገልጽ አስገድዷል። ፍርዱ የመቶኛውን ሠንጠረዥ አልሻረም፤ ሐኪሙ የሚጽፈውን ግን አሰፋው።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና በዘለቀ ጊዜ ሰሜን ሸዋ እንደገና የውጊያ ግንባር ሆኗል። የዚያ ዘመን ቁስለኞች የቁርጭምጭሚት ሕመም ሙሉ መልኩን የሚያሳየው ገና በሚመጡት ዓመታት ነው። በምስክር ቃል፣ በደመወዝ መዝገብና በመቶኛ የተመዘነው ጉዳት አንድ ነገር ጎድሎት ቆይቷል፤ ይህም ጉዳተኛው የሚኖርበት መሬት ነው። ሐኪሙ በወረቀቱ ላይ ዘማቹ ምን ያህል ርቀት፣ በምን ዓይነት ዳገት፣ ምን ተሸክሞ መሄድ እንደሚችል አንድ መስመር ቢጨምር፣ ይግባኝ የሚሰማው ዳኛ የአንኮበርን መንገድ ሳይወጣ ሊመዝነው ይችላል።