የመፀው ተጓዦች

ከፈረንጅ አገር አራት ወቅቶች አንዱን በአማርኛ ስንጠራው እንቸገራለን። አንዳንድ ተርጓሚ «በልግ» ይለዋል። የእኛ በልግ ግን ትንሹ ዝናብ የሚጥልበት፣ ገበሬው የሚዘራበት ጊዜ ነው። ቅጠል የሚረግፍበትና ፍሬ የሚሰበሰብበት የአውሮፓ ወቅት ቀኑም ጠባዩም የሚቀርበው ለመፀው ነው፤ ስለዚህ መፀው እንበለውና እንቀጥል።

የጉዞ ወኪሎች ይህን ወቅት ይወዱታል። የነሐሴ ግርግር አልፏል፣ የሆቴል ዋጋ ቀንሷል፣ የቡርጎኝ ኮረብታዎች ወርቅ ለብሰዋል፤ «ፈረንሳይን ማየት አሁን ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን በፈረንሳይ ታሪክ በመፀው መንገድ የሚጀምረው ሁለት ዓይነት ሰው ነው፤ አንዱ ለመዝናናት፣ ሌላው ለመልቀም። የመጀመሪያው ታሪክ በመጽሐፍ ተጽፏል። የሁለተኛውን ፈልጎ ማግኘት የሚቻለው በደመወዝ መዝገብ ላይ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከባለሻንጣው እንጀምር። ስኮትላንዳዊው ሐኪምና ደራሲ ቶቢያስ ስሞሌት ጤና አጥቶ በ1763 ከእንግሊዝ ተነሣና ወደ ደቡብ ወርዶ ኒስ ከተማ ተቀመጠ። በ1766 የጉዞ ደብዳቤዎቹን አሳተመ። ከዚያ በኋላ ገንዘብ ያለው እንግሊዛዊ ሁሉ ብርዱን ሽሽት ወደ ኒስ መጉረፍ ያዘ። ከተማዋ ያን ጊዜ የፈረንሳይ አልነበረችም፤ ፈረንሳይ የጠቀለለቻት በ1860 ነው፤ ባቡር የገባላት ደግሞ በ1864። መኳንንቱ በመፀው መጥተው ሚያዝያ ላይ ይመለሳሉ። ሐምሌና ነሐሴ ሲደርስ ሆቴሉ ይዘጋል። ዛሬ ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚፈልገውን ፀሐይ ያኔ የተከበረ ሰው ይሸሸው ነበር።

ኒስን ያየ ሁሉ የሚያስታውሰው በባሕሩ ዳር የሚሄደውን ሰፊ ጎዳና ነው፤ ፕሮምናድ ዴዛንግሌ፣ «የእንግሊዞች መንሸራሸሪያ»። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከ1820 እስከ 1821 የነበረው ክረምት የከፋ ነበርና ችግረኛው በከተማዋ በዛ። ሉዊስ ዌይ የተባሉ እንግሊዛዊ ቄስ ከወገኖቻቸው ገንዘብ አሰባሰቡና ሥራ ያጣውን ሕዝብ በባሕሩ ዳር መንገድ አስቆፈሩት። ምግባሩ ጥሩ ነው፤ ማንም አይነቅፈው። ግን ስሙን ልብ ይሏል! መንገዱ የተጠራው በተንሸራሸሩበት እንጂ በቆፈሩት አይደለም።

ያ ዳርቻ «ኮት ዳዙር» የተባለውም በ1887 ነው። ስሙን ያወጣለት ስቴፋን ሊየዣር የተባለ ጸሐፊ ሲሆን፣ የተወለደው በዲዦን፣ ኮት ዶር በሚባለው ክፍለ ሀገር ነው። «ኮት ዶር» ማለት «የወርቅ ኮረብታ» ሲሆን፣ ብዙ ሰው ስሙን በመፀው የወይኑ ቅጠል ከሚለብሰው ቀለም ጋር ያያይዘዋል። እንግዲህ የሀብታሞቹ ዳርቻ ስሙን የተዋሰው ከወይን ለቃሚዎቹ ኮረብታ ነው ማለት ነው። ወደዚያው እንውጣ።

በድሮ ዘመን በቡርጎኝ ማንም ሰው የራሱንም ቢሆን ወይን በፈለገው ቀን አይለቅምም። ቀኑ ይታወጃል። ከአዋጁ በፊት መቀስ ያነሣ ይቀጣል። ዓላማው ጥሬ ወይን እንዳይለቀም ነበር፤ ለጌታውና ለአሥራት ሰብሳቢውም ቁጥጥሩ ይመቻል። አዋጁ ከወጣ ግን የኮረብታው ወይን በሙሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ መግባት አለበት። ለዚህ የመንደሩ እጅ አይበቃም። ስለዚህ በየዓመቱ ድኻው ከሞርቫን ደጋ እየወረደ በቀን ሒሳብ ይለቅም ነበር። ለእኛ ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በዚሁ ወቅት ከደጋ ወደ ሁመራና ወደ መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ሲወርድ የኖረውን ወጣት የሚያውቅ ሁሉ የሞርቫኑን ሰው ያውቀዋል።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች መጽሐፍ አልጻፉም፣ ጎዳናም አልተሰየመላቸውም። ደመወዛቸው ግን በመዝገብ ሰፈረ። በ2019 የታሪክና የአየር ንብረት ተመራማሪዎች በቦን ከተማ ለለቃሚዎች የተከፈለውን የቀን ሒሳብ፣ የከተማውን ምክር ቤት ቃለ ጉባኤና የኋላ ዘመን ጋዜጦችን ደምረው ከ1354 እስከ 2018 ያለውን የለቀማ መጀመሪያ ቀን አወጡ። ወይን ቶሎ የሚደርሰው ዓመቱ ሲሞቅ ነውና ቀኑ እንደ ሙቀት መለኪያ ያገለግላል።

ውጤቱን እንየው። በዛሬው አቆጣጠር ሲሰላ ከ1354 እስከ 1987 ለቀማው በአማካይ የሚጀመረው ሴፕቴምበር 28 ቀን ነበር፤ በእኛ የመስቀል ማግሥት መሆኑ ነው። ከ1988 ወዲህ ግን በ13 ቀን ቀደመ፤ ከመስቀል ማግሥት ተነሥቶ ዕንቁጣጣሽን ተጠጋ። በ2003 ብዙ ሺህ ሰው በገደለው የሙቀት ዓመትማ ወይኑ በኦገስት ተለቀመ። ስድስት መቶ ዓመት ያስቆጠረው የዓለም ሙቀት ምስክር የተገኘው ከድኻ የቀን ደመወዝ ነው። ሒሳብ ጸሐፊው የጻፈው ሳንቲሙን ነበር፤ ያቆየልን ግን ሰማዩን ነው።

ከዚያ ወዲህ ተጓዡ ተለወጠ እንጂ ጉዞው አልቀረም። በ1936 በወጣው ሕግ የፈረንሳይ ሠራተኛ የሁለት ሳምንት ደመወዝ ያለው ዕረፍት አገኘ፤ በባቡር ትኬትም 40 በመቶ ተቀነሰለት። እሱም ወደ ባሕር ወረደ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ በደቡብ ፈረንሳይ መቀሱን የያዘው ስፓኛዊ ነበር፤ በየመፀው በአሥር ሺዎች፣ ከነቤተሰቡ በባቡር ይመጣ ነበር። አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይተካል።

ዛሬ ብዙው ወይን በማሽን ይለቀማል። በሻምፓኝ ግን ደንቡ በእጅ ካልሆነ አይፈቅድም፤ በየዓመቱ ከ100 ሺህ በላይ ለቃሚ ይፈለጋል። በሴፕቴምበር 2023 በዚያው አካባቢ ከ50 በላይ ለቃሚዎች ለሰው በማይመች ቤት ታጭቀው ተገኙ። አብዛኞቹ ከማሊ፣ ከሴኔጋልና ከአጎራባች አገሮች የመጡ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው ነበሩ። በጁላይ 2025 የሻሎን ከተማ ፍርድ ቤት ሦስት ሰዎችን በሰው በመነገድ ጥፋተኛ ብሏል። አያቶቻቸው በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት የኖሩ ሰዎች ልጆች፣ ለዓለም ሠርግና ምርቃት የሚከፈተውን ጠርሙስ ለመሙላት መጥተው ነው።

የቡርጎኝ የወይን ማሳዎችና የሻምፓኝ ኮረብታዎች በ2015፣ ኒስም በ2021 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ይገባቸዋል። ቅርስ ሲባል ግን ሰው ዓይኑ የሚሄደው ወደ ድንጋዩና ወደ ጓዳው ነው፤ ከሩቅ መጥቶ ጎንበስ ያለውን ሰው ማን ይመዘግበዋል?

መቼም «አትሂዱ» የሚል ምክር የለኝም። ዕድሉ የገጠመው ይሂድ፤ በመፀው ቡርጎኝን ማየት መታደል ነው። ቦን የደረሰ ደግሞ በ1443 ኒኮላ ሮላን ለድኾች ያሠራውን ሆስፒታል ሳያይ አይመለስ። በየኖቬምበሩ ወይን ጠጁ በጨረታ ይሸጣል፤ ገቢውም ለበጎ ሥራ ይውላል። ሆስፒታሉን አይቶ ሲወጣ ግን አንድ ጥያቄ ይዞ ይውጣ፤ የዘንድሮውን ወይን ማን ለቀመው? የት አደረ? ስንት ተከፈለው? የዛሬ ስድስት መቶ ዓመት ቢሆን መልሱ በመዝገብ ላይ ይገኝ ነበር። የሻምፓኞቹ ልጆች ሥራ ግን በመዝገብ ሳይሆን በክስ ፋይል ውስጥ ነው የተገኘው።