ፈቃድ የተነፈገው ሰልፍ፤ በ1927 ዓ.ም. በቺካጎ ከተማ ስለ ኢትዮጵያ የተደረገው ስብሰባና የከተማው ክልከላ

የኢጣልያ መንግሥት ኢትዮጵያን ለመውረር ይዘጋጅ በነበረበት በ1927 ዓ.ም. በልዩ ልዩ የዓለም ክፍል የሚኖሩ ሕዝቦች፣ ይልቁንም ትውልዳቸው ከአፍሪካ የሆነ፣ ስለ አገራችን ድምፃቸውን ማሰማታቸው በታሪክ መጻሕፍት ተደጋግሞ ይነሣል። ይሁን እንጂ የሚተረከው ብዙውን ጊዜ የተሰለፈው ሕዝብ ብዛትና የተሰበሰበው ገንዘብ ነው እንጂ ለሰልፉ ፈቃድ ከማን እንደ ተጠየቀ፣ ማን እንደ ፈቀደና ማን እንደ ከለከለ አይደለም። የዚህ አጭር ጽሑፍ አሳብ ይህንኑ ጥያቄ በአንድ ከተማ ታሪክ መመርመር ነው። ከተማይቱ በሰሜን አሜሪካ የምትገኘው ቺካጎ ስትሆን ዕለቱም ነሐሴ 25 ቀን 1927 ዓ.ም. (ኦገስት 31 ቀን 1935) ነው። በቅንፍ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በመጀመሪያ የከተማይቱን ሕዝብ ሁኔታ መመልከት ያስፈልጋል። በ1930 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በተደረገው ቆጠራ በቺካጎ 233,903 ጥቁር አሜሪካውያን ይኖሩ ነበር። አብዛኞቹ ከደቡብ ክፍላተ ሀገር የተሰደዱና በከተማይቱ ደቡባዊ ሠፈር ተጨናንቀው የሚኖሩ ሲሆኑ፣ በዚያን ጊዜ የነበረው የኢኮኖሚ ውድቀትም ከሌላው ሕዝብ ይበልጥ ጎድቷቸው ነበር። የኢትዮጵያ ስም ለእነዚህ ሰዎች እንግዳ አልነበረም። በመዝሙረ ዳዊት የተጻፈው የኢትዮጵያ ስም በአብያተ ክርስቲያናቸው ሲሰበክ ኖሯል፤ በኒው ዮርክ ከተማ በ1808 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተመሠረተው ቤተ ክርስቲያንም «አቢሲኒያን» ተብሎ ይጠራል። የወልወል ግጭት ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ከደረሰ ወዲህ ደግሞ ቺካጎ ዲፌንደርን የመሰሉ ጋዜጦቻቸው የኢትዮጵያን ወሬ በሰፊው ያትሙ ነበር። በቺካጎ ይኖር የነበረው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን በዚያው ዓመት ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በአየር ኃይላችን አገልግሏል። ስለዚህ ለደቡባዊው ሠፈር ነዋሪ የኢትዮጵያ ጉዳይ የባዕድ አገር ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

በሌላው ወገን ደግሞ ከተማይቱ ከኢጣልያ መንግሥት ጋር ያላት ወዳጅነት በአደባባይ የሚታይ ነበር። በ1925 ዓ.ም. (ጁላይ 1933) የኢጣልያ የአየር ሚኒስትር ኢታሎ ባልቦ 24 የባሕር አውሮፕላኖች እየመራ ለዓለም ትርኢት ቺካጎ በደረሰ ጊዜ በታላቅ ክብር ተቀበሉት፤ 7ኛው መንገድም በስሙ ተሰየመ። በሚቀጥለው ዓመት ሙሶሊኒ ከጥንታዊቱ ኦስቲያ የተወሰደ የሮማውያን ዓምድ ለከተማይቱ በስጦታ ላከ። የአውሮፕላኖቹ መምጣትና የዓምዱ መተከል የሰልፉ ክልከላ ምክንያት ናቸው ብሎ መደምደም ለታሪክ ጸሐፊ አይገባም። ነገር ግን የከተማይቱ አደባባይ ለየትኛው ድምፅ ክፍት እንደ ነበረ ያመለክታሉ።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ለኢትዮጵያ መከላከያ የተቋቋመ የጋራ ኮሚቴ በደቡባዊው ሠፈር የሰልፍ ጉዞ ለማድረግ ፈቃድ ጠየቀ። በኮሚቴው ውስጥ ኮሙኒስቶች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው፤ የከተማው ፖሊስም ይህን የመሰሉ ሰዎችን የሚከታተል ልዩ ክፍል ነበረው። ከንቲባው ኤድዋርድ ኬሊ ፈቃዱን ከለከሉ። አዘጋጆቹ ግን ክልከላውን ሳይቀበሉ ሕዝቡ በ47ኛው መንገድ አካባቢ እንዲሰበሰብ ጥሪ አደረጉ። በዕለቱ የመጣው ሕዝብ ወደ 10,000 ይደርሳል ተብሎ ተገምቷል። ፖሊስ አስቀድሞ መንገዱን ይዞ ስለ ነበር በመንገድ ላይ ቆሞ መናገር አልተቻለም። ስለዚህ ተናጋሪዎቹ በቤቶች ጣሪያ ላይ ወጡ። ከእነርሱም አንዱ በአሜሪካ ጦር ያገለገለው ጥቁር አሜሪካዊ ኦሊቨር ሎው ነበር፤ ንግግሩን ሳይፈጽም ተያዘ። እርሱ ሲወሰድ ከሌላ ጣሪያ ላይ ሌላ ተናጋሪ ብቅ ይል ነበር። ብዙ ሰው ተደበደበ፤ ብዙዎችም ታሰሩ። ከተደበደቡት መካከል የነበረው ሃሪ ሄይውድ ይህን ሁሉ ከብዙ ዘመን በኋላ ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ተርኮታል።

በዚያው ዕለት ፕሬዚዳንት ሮዝቬልት የገለልተኝነት ሕግ በሚባለው ላይ ፈረሙ። ይህ ሕግ ለተዋጊ ወገኖች ሁሉ የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ የሚከለክል ነበር። በቃሉ ሁለቱን ወገኖች እኩል የሚያይ ቢመስልም፣ መሣሪያ በገዛ ፋብሪካው ከሚሠራው ከኢጣልያ ይልቅ መሣሪያን ከውጭ መግዛት ግድ የሆነባትን ኢትዮጵያን የሚጎዳ ነበር። ይሁን እንጂ ሕጉ የሚመለከተው የመሣሪያ ንግድን ነው፤ ዜጎች አሳባቸውን በአደባባይ እንዳይገልጹ የሚል ቃል አልነበረበትም። እንግዲህ የቺካጎው ክልከላ የመጣው ከአገሪቱ የውጭ ጉዳይ ሕግ ሳይሆን መንገድን ከማስተዳደር ሥልጣን ነው።

ይህንም የሚያረጋግጠው የሌሎች ከተሞች ምሳሌ ነው። ሐምሌ 27 ቀን 1927 ዓ.ም. (ኦገስት 3 ቀን 1935) በኒው ዮርክ፣ በሃርለም ሠፈር፣ ከ20,000 የማያንስ ሕዝብ ስለ ኢትዮጵያ ሲሰለፍ አልተከለከለም። የከተማይቱ ከንቲባ ላ ጓርዲያ ራሳቸው ከኢጣልያ ስደተኛ አባት የተወለዱ ነበሩ። ነሐሴ 19 ቀንም በለንደን የትራፋልጋር አደባባይ ሲ. ኤል. አር. ጄምስና ጓደኞቹ ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ወዳጆች ማኅበር ስብሰባ አድርጓል። በአንድ አገር፣ በአንድ ወር፣ ስለ አንድ ጉዳይ የቀረበው ጥያቄ በአንዱ ከተማ ተፈቅዶ በሌላው ከተከለከለ፣ ውሳኔው በሕግ ቃል ላይ ሳይሆን በባለሥልጣኑ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ መሆኑ ግልጽ ነው።

ለባለሥልጣኑ ይህን ያህል ሥልጣን የሰጠው ምን ነበር? በአገራችን የቆየ ልማድ በደል የደረሰበት ሰው ንጉሡ በሚያልፍበት መንገድ ቆሞ «አቤት» ይላል፤ ለመጮኽ አስቀድሞ ፈቃድ አይጠይቅም። በአሜሪካ ግን በ1889 ዓ.ም. (1897) ከፍተኛው ፍርድ ቤት በቦስተን ከተማ በሕዝብ መናፈሻ ስለ ሰበከ ሰው ሲፈርድ፣ የቤት ባለቤት በቤቱ እንደሚያዝ ከተማውም በመናፈሻው ላይ ያዝዛል የሚል አሳብ ተቀብሎ ነበር። ከንቲባ ኬሊ የከለከሉት ይህ አሳብ ገና ባልተሻረበት ዘመን ነው። በ1929 ዓ.ም. (1937) ያው ፍርድ ቤት በሰላም መሰብሰብ ብቻውን ወንጀል ሊሆን አይችልም ሲል ፈረደ። በ1931 ዓ.ም. (1939) ደግሞ የጀርሲ ሲቲ ከንቲባ ፍራንክ ሄግ የሠራተኞችን ስብሰባ በመከልከላቸው በተነሣው ክርክር፣ ዳኛው ኦወን ሮበርትስ መንገድና መናፈሻ ከጥንት ጀምሮ ለሕዝብ መሰብሰቢያና መነጋገሪያ በአደራ የተያዙ ናቸው ብለው ጻፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ የተሰጠው ሌላ ፍርድ ግን ከተማው ስለ ሰልፉ ሰዓት፣ ስፍራና አኳኋን ደንብ ለማውጣትና ፈቃድ ለመጠየቅ እንደሚችል አጽንቷል። ስለዚህ ፈቃድ መጠየቅ አልቀረም፤ የቀረው ባለሥልጣኑ እንደ ቤቱ ባለቤት ሆኖ እንዳሻው የመከልከል መብቱ ነው።

ይህ ክርክር በአንድ አገር ተወስኖ አልቀረም። በፈረንሳይ አገር በጥቅምት 1 ቀን 2016 ዓ.ም. (ኦክቶበር 12 ቀን 2023) የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ፍልስጤምን የሚደግፉ ሰልፎች ሁሉ እንዲከለከሉ ለየክፍለ ሀገሩ ሹማምንት ባዘዙ ጊዜ፣ የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ከስድስት ቀን በኋላ ክልከላ በጅምላ ሊደረግ እንደማይችልና እያንዳንዱ ሰልፍ ለብቻው ተመዝኖ ሊወሰን እንደሚገባ አስታውቋል። በሁለቱም ጊዜ ጦርነቱ በሩቅ አገር ሲሆን ክርክሩ የተደረገው በአገር ቤት መንገድ ላይ ነው። መንግሥት ስለ ሩቁ ጦርነት ከዜጋው ጋር ሳይከራከር ስለ መንገዱ ጸጥታ ይናገራል፤ የተከለከለውም ወገን ስለ ሩቁ ሕዝብ ሊጮኽ ወጥቶ በገዛ ከተማው ውስጥ ያለውን መብት ልክ ያያል።

ኦሊቨር ሎው ይህን ካየ በኋላ ወደ እስፓኝ ዘምቶ ከአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች የተመሠረተውን የአብርሃም ሊንከን ሻለቃ ጦር አዘዘ፤ በሐምሌ 1929 ዓ.ም. በብሩኔቴ ውጊያ ሞተ። የኢጣልያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ሲሻገር የቺካጎው ስብሰባ ከተበተነ ገና አምስት ሳምንት መሆኑ ነበር። የዚያን ዘመን ታሪካችንን የሚያጠና ተማሪ በጄኔቭ የተነገረውንና በጦር ሜዳ የተደረገውን ሲሰበስብ፣ በሌሎች ከተሞች መዛግብት ውስጥ የሚገኙትን የሰልፍ ማመልከቻዎችና የክልከላ ደብዳቤዎችም መፈለግ ይገባዋል። ስለ ኢትዮጵያ የተነገረው ሁሉ በተፈቀደ ስፍራ አልተነገረምና።