ስለ ጎልፍ ዱላ አያያዝና ስለ እጅ አንጓ

የጎልፍን ጨዋታ ከሩቅ ለሚመለከት ሰው ነገሩ ሁሉ የጉልበት ይመስለዋል። ጨዋታውን የሚያውቁት ግን የሰው አካል ዱላውን የሚነካው በሁለቱ እጆች ብቻ ስለ ሆነ፥ የኳሷ መንገድ ገና ዱላው ሳይነሣ በጣቶች አቀማመጥ ግማሽ በግማሽ ተወስኗል ይላሉ። ዛሬ የምንናገረው ስለዚሁ አያያዝ ታሪክ ነው። የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቀድሞ ዘመን የእስኮትላንድ ተጫዋቾች መጥረቢያ እንደሚያነሣ ሰው ዱላውን በመዳፋቸው ሙሉ፥ በ10ሩም ጣቶች ይጨብጡት ነበር። በዚህ ዓይነት ሲያዝ ሁለቱ እጆች እንዳልተስማሙ ሁለት ሠራተኞች ለየብቻቸው ይሠራሉ፤ አንደኛው ሲገፋ ሌላው ይጎትታል፤ የዱላውም ፊት ይዛባል። ይህን ለማስቀረት የቀኙን ትንሿን ጣት ከእጀታው አንሥቶ በግራው ሌባ ጣት ላይ መደረብ ተጀመረ። አውራ ጣቶችም እጀታውን መክበባቸው ቀርቶ በላዩ ወደ ታች ተዘረጉ። አያያዙ በዓለም የታወቀው በሐሪ ቫርደን ስም ነው፤ ይኸውም በ1870 በጀርሲ ደሴት ተወልዶ ከ1896 እስከ 1914 ድረስ የብሪታንያን ኦፐን ውድድር 6 ጊዜ ያሸነፈው ነው። በእውነት ከተፈረደ ግን ስሙ ለሌላ ሰው ይገባ ነበር። በ1889 እና በ1891 የአማተሮችን ሻምፒዮና ያሸነፈው እስኮትላንዳዊ ጆን ሌይድሌይ ከቫርደን አስቀድሞ በዚሁ ዓይነት ይይዝ ነበርና። ሕዝብ ተሰብስቦ ያየው የቫርደንን እጅ ስለ ሆነ ስሙም ለእርሱ ቀረ። ሁሉም ይህንኑ ተከተለ ማለት ደግሞ አይደለም፤ 18 ታላላቅ ውድድሮች ያሸነፈው ጃክ ኒክላውስ ትንሿን ጣት በመደረብ ፈንታ ከሌባ ጣቱ ጋር ያቆላልፋት ነበር።

ስለ እጅ አንጓ ሲነሣ ግን ከቤን ሆገን ታሪክ የሚበልጥ አይገኝም። ሆገን በ1912 በቴክሳስ ተወለደ። ብረት ቀጥቃጭ የነበረው አባቱ በ1922 በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ፤ ልጁም ጋዜጣ እየሸጠ፥ ቀጥሎም የተጫዋቾችን ከረጢት እየተሸከመ አደገ። በ17 ዓመቱ ጨዋታውን መተዳደሪያው ቢያደርገውም ኳሱ እንጀራውን ነሳችው። በቀኝ እጁ ለሚጫወት ሰው ኳሷ በአየር ላይ ወደ ግራ ስትጠመዘዝ ሁክ ይባላል፤ የሆገን ደዌ ይህ ነበር። ገንዘቡ አልቆበት ከውድድር ጉዞ ወደ ቤቱ የተመለሰበት ጊዜ ነበረ፤ ብቻውን ተወዳድሮ የመጀመሪያውን ድል ያገኘውም በ1940 ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ግራ እጅ በእጀታው ላይ ወደ ቀኝ እጅግ ዞሮ ከተቀመጠ፥ ዱላው በኃይል ሲወርድ እጁ ወደ ተፈጥሮ አቀማመጡ ይመለሳል፤ ሲመለስም የዱላውን ፊት ወደ ግራ ያዞረዋል። ስለዚህ ሆገን ግራ እጁን ወደ ግራ መልሶ አውራ ጣቱን በእጀታው አናት ላይ አኖረ። ከዚህም ሌላ ዱላው ከትከሻው በላይ በደረሰ ጊዜ የግራ አንጓውን ወደ እጁ ጀርባ በኩል ጥቂት አጠፈው። ይህች ጥቂት እጥፋት የዱላውን ፊት ስለምትከፍተው፥ ያለ ፍርሃት በሙሉ ኃይሉ ቢመታም ኳሷ ወደ ግራ መሸሿን ተወች።

በ1949 መኪናው ከአውቶቡስ ጋር ተጋጭቶ ዳሌው፥ የአንገት አጥንቱና ቁርጭምጭሚቱ ተሰበሩ፤ ሚስቱን ለመከለል በላይዋ በመውደቁ ራሱም ከሞት ዳነ። ከ16 ወር በኋላ እግሮቹን በፋሻ ጠቅልሎ በሜሪዮን የ1950ን የአሜሪካ ኦፐን አሸነፈ፤ በ1953ም በአንድ ዓመት 3 ታላላቅ ውድድሮችን ወሰደ። በዚህ ጊዜ ሰው ሁሉ ምስጢሩን ይጠይቅ ጀመር። በ1954 ላይፍ የተባለው መጽሔት የሌሎችን ተጫዋቾች ግምት አተመ፤ በ1955 ግን ራሱ ሆገን በዚያው መጽሔት ያችን የአንጓ እጥፋት ገለጠ።

አንባቢዎችም ለመቅዳት ተሽቀዳደሙ። ነገር ግን አብዛኛው አማተር የሚቸገረው ኳሷ ወደ ቀኝ ስለምትሸሽበት ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው የሆገንን እጥፋት ቢይዝ ቀድሞ የተከፈተውን የዱላ ፊት ይብሱን ይከፍተዋል። ሆገን ራሱም ነገሩ ለደካማ ተጫዋች እንደማይበጅ አስጠንቅቆ ነበር፤ ሆኖም ምስጢር የሚለው ቃል ከማስጠንቀቂያው ይልቅ ተሰማ። በ1957 ከጸሐፊው ከኸርበርት ዋረን ዊንድ ጋር ያወጣው መጽሐፍ የሚጀምረው በአያያዝ ትምህርት ነው፤ ዱላው ኳሷን በሚመታበት ቅጽበትም የግራው አንጓ አጥንት ወደ ዒላማው ከፍ ብሎ መታየት እንዳለበት ያስተምራል። ያች የ1955 እጥፋት ግን ከ5ቱ ትምህርቶች በአንዱም አልገባችም።

ሆገን በ1997 ሞተ። በ1953 የአሜሪካን ኦፐን ባሸነፈበት በኦክሞንት ሜዳ፥ በ2016 ዱላው ከትከሻ በላይ ሲደርስ የግራ አንጓውን በተቃራኒው ወደ መዳፉ በኩል የሚያጥፈው ደስቲን ጆንሰን ያንኑ ዋንጫ ወሰደ።